ላሊበላን በእግር መጎብኘት

ላሊበላ፣ በቀድሞ ስሟ ሮሃ፣ በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ምድር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈለፈሉ ቦዮችና ዋሻዎች ስለሚያያዙ፣ በእግር ካልሆነ አይታዩም።

ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነግሦ ይህን ድንቅ ሥራ አቁሟል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት እየተፈራረቁ ፈልፍለውታል። አንዳንድ አርኪዮሎጂስቶች ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሡ ዘመን በፊት ለሌላ አገልግሎት የተጀመሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ ጉዳዩ ገና አከራካሪ ነው። የውጭ ሰዎች ሠሩት የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየውን ጽፏል።

ጉዞው የሚጀመረው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ርዝመቱ ከ33 ሜትር፣ ወርዱ ከ23 ሜትር ያልፋል፤ ከሁሉም ትልቁ ነው። በዙሪያው ከቆሙት ዓምዶች የወደቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ጥገና በግንብ የተተኩ ናቸው፤ ልብ ብሎ ያየ ይለያቸዋል። በዚያው ጥገና ቀደም ሲል የተቀባው ሬንጅ ተነሥቷል። ከዚህ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ ቤተ ማርያም ግቢ ይገባል። ቤተ መስቀል በሰሜን ግድግዳ፣ ቤተ ደናግል በደቡብ ተፈልፍለዋል። በቤተ ማርያም ውስጥ በመጋረጃ የተሸፈነ ዓምድ አለ፤ አይገለጥም። በልደት ዕለት ጠዋት «ቤዛ ኩሉ» የሚዘመረው እዚሁ ነው፤ ከካህናቱ ገሚሱ በገደሉ አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች ይቆማል። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ስለሚውል ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። በዚያ ሰሞን ቦዮቹ በምእመን ስለሚጨናነቁ ሥነ ሕንፃውን ሊመረምር ለመጣ ሰው አይመቹም። ቀጥሎ ቤተ ደብረ ሲናና ቤተ ጎልጎታ አሉ፤ ወደ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። መውጫው በመቃብረ አዳም በኩል ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙውን ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ስለሚዘጉ እስካሁን የተጠቀሱትን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ምድብ፣ ጠዋት መጨረስ ያስፈልጋል። ጫማ በየደጁ ይወለቃል፤ ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ጊዜ ይቆጥባል። ወፍራም ካልሲም ይረዳል፤ ምንጣፎቹ ቁንጫ አያጡም።

ዮርዳኖስ የተባለው ፈፋ ሁለቱን ምድቦች ይለያል። በበጋ ደረቅ ነው፤ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ መስቀል በውስጡ ቆሟል። ማዶ ያለው ምድብ ይበልጥ የሚፈትነው የተጓዡን እግር ነው። ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚያስገባው ጠባብ መሸጋገሪያ ሥሩ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከዚያ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን፣ ልማዱ ያለ መብራት አንድ እጅን ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ከግንባር በላይ አድርጎ ማለፍ ነው። ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ራሱን ይመታል። በቤተ መርቆሬዎስ የእግር ብረት መገኘቱ ቦታው ፍርድ ቤት ወይም እስር ቤት እንደነበር ያመለክታል የሚሉ አሉ። ቤተ አማኑኤል ግድግዳው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ይከተላል፤ በጥራቱ የሚወዳደረው የለም። ቤተ አባ ሊባኖስ ጎኖቹ ተለይተው ጣሪያው ከገደሉ ጋር እንደተያያዘ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአምስቱ ላይ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ይከላከላሉ፤ ነዋሪው ግን ክብደታቸውና የምሰሶዎቹ አተካከል ስለሚያሰጋው ይነሡልን ብሎ ጠይቋል።

ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ስለሚገኝ ለመጨረሻ ይተው። ሳይወርዱ በፊት ከላይ ከአፋፉ ሆኖ የጣሪያውን ተደራራቢ መስቀል ማየት ይገባል፤ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ሲሆን አጥር ስለሌለው ፎቶ የሚያነሣ ሰው ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ። በሐምሌና በነሐሴ ድንጋዩ ስለሚያሟልጭ ሶሉ የተበላ ጫማ አያዋጣም።

ተጨማሪ ቀን ያለው ከከተማዋ በላይ በተራራ ላይ ወዳለው የአሸተን ማርያም ገዳም ይወጣል፤ ዳገቱ ብርቱ ስለሆነ ማልዶ መነሣትና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል።