የአዮዲን እጥረት ምንድን ነው?

ችግር በችግር ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ተረቱን የተረቱት ሰዎች እንቅርትን በጎረቤት አንገት ላይ አይተው የሚያውቁ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከምግብ የሚገኝ አዮዲን የሚባል ማዕድን ማነሱ ነው።

አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። አዮዲንን ከደም እየለቀመች ሆርሞን ትሠራበታለች፤ የሰውነት ሙቀትና የልብ ምት በዚሁ ሆርሞን ይመራሉ። አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑም ያንሳል። ይህን ጊዜ አንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያለች ትወተውታታለች። ታይሮይድም ጥሬ ዕቃው ሳይኖራት ለመሥራት ስትታገል እያበጠች ትሄዳለች። ትግሉ ካልያዘላት ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የቆዳ መድረቅና የሆድ ድርቀት ይከተላሉ።

መጠኑ ግን ያስቃል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃል፣ ለነፍሰ ጡር 250። 70 ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው ቢደመር 4 ግራም አይሞላም።

ሀዋሳ ውስጥ ይህን ሳነሳ ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ «እኛማ ዓሣ በላተኞች ነን!» የሚል ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቆሞ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በዳጣ ያጣጣመ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በአዮዲን የሚታወቀው የባሕር ዓሣ ነው፤ የሐይቁን ለፕሮቲኑ እንብላው። የደጋውን አፈር ደግሞ ለብዙ ዘመን የወረደ ዝናብ አጥቦታል፤ እህሉም እንሰቱም ከአፈሩ ያላገኘውን አይሰጠንም። ስለዚህ መላው በጨው ላይ መጨመር ሆነ።

ጨዋችንም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ብዙው ከቀይ ባሕር ዳር አዮዲን ተቀላቅሎበት ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ያዘ፤ አብዛኛውም አዮዲን አልነበረበትም። የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንቅርቱ ለዓይን ስለሚታይ ዋናው ጉዳት እሱ ይመስላል፤ እኔ ግን የማይታየውን እፈራለሁ። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉን የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነው። እሷ ላይ ካጠረ ልጁ በትምህርት የሚዘገይ፣ እጥረቱ ከከፋም መስማትና መናገር የሚያቅተው ሊሆን ይችላል፤ ፅንሱ የሚጨነግፍበትም ጊዜ አለ። ያመለጠው ጊዜ ደግሞ በኋላ በሚበላ ጨው አይካስም።

አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። በአፉ ክፍት ጆንያ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥሬ ጨው የነበረውንም ያጣል። የታሸገውን ገዝቶ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጎ በክዳን መያዝ፣ ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል። ጨው ማብዛት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ለደም ግፊት መጋበዝ ነው። የቆየ እንቅርት፣ በተለይ የጓጎለ፣ ጨው በመቀየር ብቻ ላይመለስ ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አዮዲን ያለውን ጨው ከሌለው በመልክም በጣዕምም መለየት አይቻልም። መመርመሪያ ጠብታ ሲያርፍበት ግን አዮዲን ያለው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ የሌለው እንደነጣ ይቀራል።