ባርንስቶርመሮቹ ዕብድ ነበሩ ወይስ እንጀራ ፈላጊ?

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከገጠር ገጠር እየበረሩ ትርኢት የሚያሳዩ አብራሪዎች ነበሩ። ባርንስቶርመር ይባላሉ። በሰማይ ላይ ክንፍ ለክንፍ የሚራመደውም፣ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው የሚዘለውም የእነሱ ወገን ነው። ስለነሱ ከሚወራው ግን ብዙው ተረት ነው፤ ከታች በጥቅስ የተቀመጡት ከሚወራው ናቸው።

ስማቸውን እንኳ ብናይ፣ በአውሮፕላን ጎተራ ሰንጥቀው ስለሚያልፉ የወጣ ይመስለናል። አይደለም። በገጠር ጎተራ ውስጥ ይጫወቱ ከነበሩ ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድኖች የተወረሰ ነው።

«ጦርነቱ አሳብዷቸው፣ ሞትን ካልተፈታተኑ መኖር አቃታቸው።»

ለፊልም ይመቻል። ነገሩ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያልቅ ጦሩ አብራሪዎቹን አሰናበተ። ከመብረር ሌላ ሙያ የሌለው ወጣት በዛ። ሊቀጥረው የሚችል የመንገደኞች አየር መንገድ ደግሞ ገና የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ መንግሥት የተረፉትን ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ቸበቸባቸው። ሲሠራ 5,000 ዶላር ገደማ የወጣበት «ጄኒ» የተባለው ማሠልጠኛ አውሮፕላን በ200 ዶላር እስከመገኘት ደረሰ። ሥራ የለም፣ አውሮፕላን ግን አለ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

«ገንዘቡ የሚገኘው ከትርኢቱ ነው።»

የገበሬ ማሳ አጥር የለውም። አንጋጦ የሚያይን ሰው ምን ብለህ ታስከፍለዋለህ? ትርኢቱ ሰው መጥሪያ ነበር። ዋናው ገቢ ተመልካቹን አሳፍሮ ለጥቂት ደቂቃ ማዞር ነው፤ ዋጋውም ከ1 እስከ 5 ዶላር። ሲመሽ ብዙዎቹ እዚያው ክንፉ ሥር ይተኛሉ።

«ሁሉም የጦር ሜዳ ጀግኖች ነበሩ።»

ክንፍ ላይ በመራመድ ስሙ የገነነው ኦርመር ሎክሊር ቴክሳስ ውስጥ የጦሩ የበረራ አስተማሪ ነበር እንጂ ግንባር አልደረሰም። ኋላ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ ጦርነቱ ሲያልቅ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነው። ቤሲ ኮልማን ደግሞ ጥቁርም ሴትም በመሆኗ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉባት። ፈረንሳይ ሄዳ ተማረች፤ ፈቃዷንም በ1921 አገኘች። እኛም ዘንድ የመጣ አለ፦ ኒውዮርክ ውስጥ ሀርለም ላይ በፓራሹት ይዘል የነበረው የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሁበርት ጁሊያን። በ1930 እ.ኤ.አ. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡን አውሮፕላን ከሰከሰና ከአገር ተባረረ።

«በ1926 የወጣው የበረራ ሕግ ከሥራ አፈናቀላቸው።»

ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ፈቃድና የአውሮፕላን ምርመራ ሲጠይቅ ያረጀችው ጄኒ አላለፈችም። ነገር ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፖስታ በረራ ለግል ኩባንያዎች ተከፍቶ ለአብራሪዎች ሌላ ሥራ መጥቶ ነበር። ሊንድበርግም ከሴንት ሉዊስ ቺካጎ ደብዳቤ ማመላለስ ጀመረ። በዚያው በ1926 ብቻ፣ በክፉ አየር ምክንያት ሁለት ጊዜ በሌሊት በፓራሹት ለመዝለል ተገደደ። ያኔ የሚያጨበጭብለት ሰው እንኳ አልነበረም።