የባሕር ውሃ አኳሪየም ውሃ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ 600 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ መንከባከብ ቀላል አይደለም። ባሕሩ ሩቅ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል። ብዙ ባለቤቶች የውሃ መቀየሪያው ቀን ሲቃረብ ገና ከሐሳቡ ይደክማቸዋል። ግን አብሽሩ። ከዚያ ልፋት አብዛኛው ለዓሣዎቹ የማያስፈልግ ነው፤ አንዳንዱም የሚጎዳቸው ነው። ልፋቱን ያመጡት ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ የኖሩ ጥቂት አመለካከቶች ናቸው።

«ውሃው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ገንዳው መታጠብ አለበት»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዓሣዎች በየቀኑ አሞኒያ ያስወጣሉ። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ8 በላይ ስለሆነ ደግሞ መርዛማነቱ ይበረታል። በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በፊልተሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ውሃ የምንቀይረው ይህን የተጠራቀመ ናይትሬት ለመቀነስና ያለቁትን ማዕድናት ለመተካት ነው። ድንጋዩን ፈግፍገን፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ስናጥብ እነዚያን ባክቴሪያዎች እንጨርሳቸዋለን።

ደሴ ውስጥ አንድ ካፌ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ለበዓል ተብሎ ገንዳው ከላይ እስከ ታች ታጠበ፤ መስታወቱም አብለጨለጨ። ከሁለት ቀን በኋላ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንጥባቸው ያለማቋረጥ ይርገበገባል። አስተናጋጁ ርቧቸው ነው ብሎ ምግብ ጨመረላቸው። ያልተበላው ምግብ ሲበሰብስ ደግሞ ሌላ አሞኒያ ነው።

ስፖንጁ ከቆሸሸ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ መልሱት። ድንጋዩን አትንኩት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለብዙ ገንዳ በሳምንት 10 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ከ600 ሊትር 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን መሆኑ ነው። እንዲህ አራት ጊዜ ብትቀይሩ ከአሮጌው ውሃ 34 በመቶው ወጥቷል። በአንድ ቀን 40 በመቶ ከመቀየር ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ዓሣዎቹ ግን ድንገተኛ ለውጥ አይገጥማቸውም።

«ጨው ያው ጨው ነው፤ የአፍዴራው ይበቃል»

ወሎ ከአፋር የሚመጣ ጨው ሲገበይ የኖረ አገር ነው፤ ይህን ማሰብ አይገርምም። የወጥ ጨው ግን ሶዲየም ክሎራይድ ነው ማለት ይቻላል፤ አዮዲንም ይጨመርበታል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፣ ከዚያ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ 30 ግራም ገደማ ናቸው። ቀሪው ሰልፌት፣ 1,300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ካልሲየም በሌለበት ጨው ኮራል አያድግም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ግዙ። ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ለ60 ሊትር የሚያስፈልገው 2.1 ኪሎ ገደማ ነው።

«የሐይቅ ውሃ ዓሣ ስላለበት ይሆናል»

አይሆንም። የሐይቅ ውሃ የባሕር ውሃ አይደለም፤ አልጌና ተውሳክም ይዞ ሊገባ ይችላል።

«የተነነውን ውሃ በጨው ውሃ መተካት ነው»

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። በጨው ውሃ እየሞላችሁ ከሄዳችሁ ጨዋማነቱ ከሳምንት ሳምንት ይጨምራል። ለተነነው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ፣ ለተቀዳው ደግሞ የጨው ውሃ።

«ባልዲ መሸከም ግዴታ ነው»

ሥራው በእውነት የሚቀለው እዚህ ላይ ነው። ከአኳሪየሙ አጠገብ፣ ወይም ጓዳ ውስጥ፣ 200 ሊትር በርሜል አስቀምጡ። ሰፊ ቦታ ያለው ትንሽ ሮቶ ይጠቀም። የፈረቃው ውሃ ሲመጣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሽፋን እየገፋ የሚያጣራ መሣሪያ) አሳልፋችሁ ሙሉት። ማጣሪያው የሚጥለው ውሃ ለልብስና ለወለል ይሆናል፤ አትድፉት። ጨውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃን በጨው ላይ አታፍስሱ፤ አለዚያ ካልሲየሙ ዝቃጭ ይሆናል። ትንሽ ፓምፕ እያማሰለው እስኪጠራ ይደር። በማግስቱ ጨዋማነቱን ለኩ፤ በማሞቂያም ከገንዳው ሙቀት ጋር እኩል አድርጉት። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህን አትዝለሉት።

ከዚያ በኋላ ሸክም የለም። በገንዳው መስታወት ላይ 60 ሊትር ሲቀነስ ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ የገንዳውን ማሞቂያ ንቀሉ፤ እንደሞቀ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አሮጌውን ውሃ በጎማ እስከ ምልክቱ ወደ ፍሳሽ ልቀቁ። አዲሱን በፓምፕ ከበርሜሉ ወደ ላይ ግፉት። ጎማውን በአፍ አትሳቡ፤ አንዳንድ ኮራሎች አደገኛ መርዝ አላቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የጎማው ጫፍ ገንዳው ውስጥ ጠልቆ ሳለ መብራት ከጠፋ ውሃው በዚያው ጎማ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። በርሜሉ ሞልቶ ሳሎኑን ሊያጥለቀልቅም ይችላል። ጫፉን ከውሃው በላይ አድርጋችሁ እሰሩት።

«ፓምፖቹ ለአንድ ሰዓት ቢጠፉ ምንም አይሆንም»

ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ምናልባት። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ ከጨው አልባ ውሃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ትሻላለች። ስለዚህ ዓሣ የበዛበት ገንዳ ውሃው ሳይንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት አይቆይ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ፤ ውሃ ስትቀይሩም፣ መብራት ሲጠፋም ያገለግላል።

«ከገንዳው የወጣው ውሃ ለአትክልት ማዳበሪያ ነው»

ጨው በሌለው ውሃ ለሚኖሩ ዓሣዎች ገንዳ ይህ እውነት ነው። የእናንተው ግን በሊትር 35 ግራም ጨው አለበት። ጌሾው ሥር ካፈሰሳችሁት ጌሾው ይደርቃል፤ አፈሩም ይበላሻል። በቀጥታ ወደ ፍሳሹ ይሂድ።