ምርት ጨመረ ማለት እኛ ጨመርነው ማለት አይደለም

የግብርና ምርምር ፕሮጀክቶችን ስገመግም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየስብሰባው የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ «አዲሱን ዘር ይዘን ከመግባታችን በፊት በሄክታር 20 ኩንታል ነበር፤ አሁን 26 ደርሷል። 6ቱ ኩንታል የእኛ ውጤት ነው።» ይጨበጨባል። እኔ ደግሞ እጄን አወጣለሁ። በዚሁ ጉዳይ መከራከር ሰልችቶኛል፤ አንዴ በጽሑፍ ይቀመጥ።

6ቱ ኩንታል የእናንተ አይደለም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሰምሮ ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው በጊዜ ደርሶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ፕሮጀክቱ ወዳልገባበት አጎራባች ቀበሌ እንሂድ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሄድን። እዚያም 24 ኩንታል ተገኝቷል! የሁለቱ ቀበሌዎች መነሻ እኩል ከነበረ፣ የፕሮጀክቱ ድርሻ ወደ 2 ኩንታል ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም የዘሩ ላይሆን ይችላል፤ አዲስ ዘር ቀድሞ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ጥሩ በሬና ለም መሬት ያለው ገበሬ ነውና። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ተቀየመኝ። 2 ኩንታል እኮ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እናፍርበታለን?

ስሌቱ በተቃራኒውም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ አገራችን ላይ ሲነሳ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መታው። በዚያው ዓመት ካካባና ዳንዳአ የተባሉ ዝርያዎች ተለቀቁ፤ ኩብሳንም እየተኩ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተራው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ሆነ፤ ባሌና አርሲ ላይ ሌላው የዋግ ዓይነት፣ የግንድ ዋግ፣ ጎዳው። ዋግ መልኩን ይቀይራል፣ ተመራማሪውም ሌላ ዝርያ ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ሥራ ምርቱ ባለበት መቆየቱ ራሱ ውጤት ነው። በፊትና አሁንን ብቻ የሚያይ ሰው ግን «ምንም አልተለወጠም» ብሎ በጀት ይቆርጣል። መጠየቅ ያለበት «እኛ ባንኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ተብሎ ነው።

«ዝርያው የእኛ ነው» የሚሉም አሉ። የማን? የካካባና የዳንዳአ መነሻ ሲሚት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ሜክሲኮ ውስጥ የተቋቋመ ለትርፍ የማይሠራ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል። እዚህ አገር ፈትሸው የመረጡት የእኛ ተመራማሪዎች ናቸው። ከዚያ ዘር አባዡ አለ፣ የልማት ሠራተኛው አለ። ሁሉም በየሪፖርቱ ሙሉውን ከጻፈ አንድ ኩንታል አራት ጊዜ ይቆጠራል። እኔ የምመክረው፣ እያንዳንዱ «እኔ ባልኖር ይቀር ነበር ወይስ ይዘገይ ነበር?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሐቀኛው መልስ «ይመጣ ነበር፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ» የሚል ነው። እንግዲያው ድርሻችሁ እነዚያ ሦስት ዓመታት ናቸው።

«የእኛን ዝርያ እንደዘራ ገበሬውን ጠይቀን አረጋግጠናል» የሚሉም አሉ። አንድ አባት ከገበያ ገዝተው የዘሩትን ስንዴ «ካካባ ነው» አሉኝ። ሻጩ ያላቸውን ነው የነገሩኝ፤ ጥፋት የለባቸውም። ከኢትዮጵያ ማሳዎች የተወሰዱ ናሙናዎች በዲኤንኤ ሲመረመሩ ስምና ዝርያ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም ታይቷል። አቅም ካላችሁ ናሙና ውሰዱ።

«ይህን ያህል ጥናት አሳተምን» የሥራ ብዛት እንጂ ውጤት አይደለም። «500 ሰው አሠለጠንን»ም እንደዚያው።

ለጀማሪ አስተባባሪዎች አደራ የምለው አለ። ዘሩ ለሁሉም ቀበሌ የማይበቃ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚያገኘውን በዕጣ ለዩ። ለገበሬውም ፍትሐዊ ነው፤ ለማወዳደርም እንደሱ የሚመች የለም። ዕጣ ያልደረሳቸውንም ቀበሌዎች ምርት ከመጀመሪያው መዝግቡ። ይህን ሁሉ ዘሩ ከመጋዘን ሳይወጣ አድርጉት። እኔን ብዙ ጊዜ የሚጠሩኝ እህሉ ከተወቃ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚነጻጸር ነገር አላገኝም።