ጨለማዎቹ የሳሙራይ ፊልሞችና ተዋንያኑ

ለረጅም ጊዜ የጃፓን የጎራዴ ፊልም ጀግና ቅን ሰው ነበር። ጌታውን ያከብራል፣ ለክብሩ ይሞታል፣ ተመልካቹም አልቅሶለት ወደ ቤቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ይህ ሳሙራይ ሌላ መልክ ያዘ። ተራበ፣ ተንከራተተ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ገደለ። ያገለገለው የመሳፍንት ቤትም ከላይ ክብር፣ ከውስጥ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ለውጥ ጦርነቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ማሳኪ ኮባያሺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማንቹሪያ የተላከ ወታደር ነበር። ማዕረግ ሲሰጡት እምቢ ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ ጨረሰ። «ለጌታህ ሙት» የሚለው ትእዛዝ ስንቱን እንደበላ ያየ ሰው፣ የጥንቱን ሳሙራይ እንደ ድሮው ሊያሞግስ አልቻለም።

የኮባያሺ «ሐራኪሪ» (ሆድን ቀዶ መሞት ማለት ነው፣ 1962) ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ነው። ዘመኑ 1630፣ ቦታው ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ነው። ሾጉኑ፣ ማለትም አገሪቱን የሚገዛው የጦር አለቃ፣ ብዙ መሳፍንትን ከርስታቸው ነቅሏል። ጌታ ያጡት ሳሙራዮች ሮኒን ተብለው ያለ ሥራ ይንከራተታሉ። አንድ ወጣት ሮኒን ወደ ኢዪ የመሳፍንት ቤት ሄዶ «በግቢያችሁ ሆዴን ቀድጄ በክብር ልሙት» ይላል። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ታመውበታል፤ የሚፈልገው ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው እንዲሸኙት ነው። ሹሞቹ ግን «እንግዲያው በቃልህ ሙት» ይሉታል። ጎራዴው ሲታይ ቀርከሃ ነው። እውነተኛውን ለቤተሰቡ ሲል ሸጦታል። በዚያው በደነዘ ቀርከሃ ሆዱን እንዲቀድ ያስገድዱታል። ትዕይንቱ ለማየት ይከብዳል፤ መክበድም አለበት።

ከዚያ የወጣቱ አማት እዚያው ግቢ ይመጣል። የሚጫወተው ተዋናይ ታትሱያ ናካዳይ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ የተጫወተው ግን አያት ሆኖ ነው። የፊልሙን ብዙ ክፍል ቁጭ ብሎ ያወራል። ድምፁ ከሆዱ ይወጣል፣ ዓይኑ ንቅንቅ አይልም። ፊልሙ በ1963 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል።

በኪሃቺ ኦካሞቶ «የጥፋት ጎራዴ» (1966) ውስጥ ናካዳይ ጭራሽ ሌላ ሰው ነው። ገና ከመጀመሪያው ተራራ ላይ የሚጸልዩ ሽማግሌ መንገደኛን ገድሎ ዝም ብሎ ያልፋል። መጨረሻ ላይ የገደላቸው ሰዎች ጥላ ያሳብደዋል። ፊልሙ ፍልሚያው ሳያልቅ በቆመ ምስል ይቋረጣል። ተከታይ ክፍሎች ታስበው ነበር፣ አልተሠሩም።

ተዋናዩን ቶሺሮ ሚፉኔን ዓለም የሚያውቀው በዳይሬክተሩ አኪራ ኩሮሳዋ ፊልሞች ነው። ናካዳይ ዝም ሲል ያስፈራል፤ ሚፉኔ ግን ሲነሳ፣ ሲራመድ፣ ትከሻውን ሲያክ እንኳ ዓይን ይስባል። በኮባያሺ «የሳሙራይ ዓመፅ» (1967) ግን ይህን ጉልበቱን አፍኖ ይዞ ይቆያል። መስፍኑ የጣላትን ሴት ለሚፉኔ ልጅ በግድ ይድሩበታል። ሁለቱ ተዋደው ሲኖሩ «ሴቲቱን መልሱ» ይባላል። ታዛዡ ሽማግሌ ያኔ ነው የሚፈነዳው።

የዳይዬ ስቱዲዮው ራይዞ ኢቺካዋ ቀዝቃዛ፣ ሐዘንተኛ ጎራዴኛ ነበር፤ በ1969 በ37 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ዓይነ ስውሩን ጎራዴኛ ዛቶኢቺን የተጫወተው ሺንታሮ ካትሱ በዚያው ዓመት በሂዴኦ ጎሻ «ሂቶኪሪ» ውስጥ ለፖለቲካ የሚታዘዝ ነፍሰ ገዳይ ሆኗል። አብሮት የሠራው ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ በፊልሙ ሆዱን ቀዶ ይሞታል። በኅዳር 1970 በእውን እንዲሁ አደረገው። ይህን አውቆ ትዕይንቱን ማየት ይዘገንናል።

ናካዳይ በ1975 ከባለቤቱ ጋር የትወና ትምህርት ቤት ከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዱ ኮጂ ያኩሾ ነው። ታካሺ ሚኬ በ2011 «ሐራኪሪ»ን እንደገና ሲሠራ፣ ያኩሾ የተጫወተው የኢዪን ቤት ሹም ነው፤ መምህሩ ከሃምሳ ዓመት በፊት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የተሟገተውን ሰው።