የብጉር ጠባሳ ጥምር ሕክምና እና የባሕር ዳር ፀሐይ

የብጉር ጠባሳ ጥምር ሕክምና ብጉር ፊት ላይ ትቶት የሄደውን ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ዘዴዎችን አቀናጅቶ የማከም ሥራ ነው። በአንድ ጉንጭ ላይ እንኳ የጠባሳው ዓይነት ስለሚለያይ አንድ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ፣ በወፍራም መርፌ የተወጋ ይመስል ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው። ሌላው ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ጠፍጣፋ ነው። ሰፊውና ጠርዝ የሌለው ደግሞ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ቆዳውን ወጣ ገባ ያስመስለዋል፤ ቆዳውን ወደ ታች የሚጎትቱት ከሥሩ የበቀሉ ጠንካራ ክሮች ናቸው። ሌዘር (ቆዳን በብርሃን ጨረር የሚያክም መሣሪያ) እነዚህን ክሮች አይበጥስም፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ የሌለው ጥቁር ነጠብጣብ ግን ጠባሳ አይደለም፤ በቅባትና ፀሐይን በመከላከል በወራት ውስጥ ይደበዝዛል።

ብጉሩ ገና እየወጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከሱቅ የሚገዛ ቆዳ ማቅያ ቅባት የሚቀባ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል።

ሥራው ብዙውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ቦታው ከደነዘዘ በኋላ መርፌ ከቆዳው ሥር ገብቶ ክሮቹን ይቆርጣል፤ ወዲያው ለ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። ሳይጫን ከቀረ ደም ተጠራቅሞ ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት ይሆናል። በመንጋጋ ጠርዝ፣ እንዲሁም በዓይንና በጆሮ መካከል የፊት ነርቭ ለቆዳው ቅርብ ስለሚያልፍ፣ ይህ ላልሠለጠነ እጅ የሚተው አይደለም። ለጠባቦቹ ጉድጓዶች ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ የሚባል ቆዳን የሚያቃጥል ብርቱ አሲድ በሹል እንጨት ጫፍ ታቻቸው ላይ ብቻ ይነካል። የተነካው ቦታ በሴኮንዶች ውስጥ ነጭ ይሆናል፣ ቅርፊቱም በሳምንት ገደማ ይረግፋል። አሲዱ ከጠርዙ ከፈሰሰ ግን ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ዙሪያውም ይጠቁራል። በመጨረሻ በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት ይመጣል፤ ጉንጭ ላይ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየተራራቀ፣ ከ3 እስከ 6 ጊዜ። ከታካሚው ደም የሚወጣ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሊታከልበት ይችላል፤ አጋዥ እንጂ ዋና መድኃኒት አይደለም። ቤት ውስጥ ያለ ንጽሕና ከጓደኛ ጋር የሚጋሩት የመርፌ ሮለር (ጥቃቅን መርፌዎች ያሉት ተንከባላይ መሣሪያ) የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ትልቁ ስጋት ከሕክምናው በኋላ የሚመጣ መጥቆር ነው። ሌዘር ከተመረጠ ጨረሩ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ተራርቀው፣ ጉልበቱ ቀንሶ፣ ክፍለ ጊዜው በዝቶ መሠራት አለበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳትርቅ ስላለች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ናት፤ የክረምት ደመናም አልትራቫዮሌት የተባለውን ጎጂ የፀሐይ ጨረር በሙሉ አያስቀርም። ሳሳ ያለ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ይሻላሉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ ቢያንስ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30፣ ቢቻል ቀለም ያለው ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተቀብቶ ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። በጀልባ ወደ ዘጌ መሻገርና ጣና ዳር መዋል ቁስሉ እስኪሽር ይቆይ። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትማ ቆዳን ያቃጥላል።

ለጥር ሰርግ ፊቱን ማሳመር የሚፈልግ በሰኔ ይጀምር እንጂ በኅዳር አይምጣ፤ አዲስ ኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን) የሚገነባው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ጉድጓዱም ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከንፈሩን ምች የሚመታው ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ቫይረሱ በተላጠ ፊት ላይ እንዳይሰራጭ መድኃኒት ይጀመርለታል። ሰውነቱ ላይ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም አይሶትሬቲኖይን የተባለውን የብጉር መድኃኒት የሚወስድ ታካሚም እንዲሁ አስቀድሞ ይናገር። አዲስ አበባ ሄዶ የሚታከም የባሕር ዳር ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለሚመለስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቁስሉን የሚያይለት ሐኪም ከመሄዱ በፊት እዚሁ ይፈልግ፤ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል ወይም ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ካየ በዚያው ቀን መታየት አለበት።