ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ይህን ነጭ ዱቄት በቅርብ የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ምግብ) የሚያዘጋጁ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና መኖ የሚያቀናብሩ ዶሮ አርቢዎች። የጥራት ደረጃው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የሚይዙት ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ጨው ነው፤ ሙሉ ስሙ ኤል-ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ። ስህተቱም ከሁለቱም ወገን ይሰማል።

"ሃይድሮክሎራይድ ከተባለ አሲድ አለበት"

የለበትም። ዱቄቱ ሲመረት ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ የመጣው ፕሮቶን ላይሲኑ ላይ ይያያዛል፤ ክሎራይዱ ቻርጁን ለማመጣጠን አብሮ ይቀራል። ነፃ አሲድ የሚባል ነገር አይተርፍም። በውሃ ሲሟሟ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ዲስቲልድ ውሃም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ እዚያው ግድም ይደርሳል። ሶዲየምም የለውም፤ "ጨው" ሲባል የወጡ ጨው የሚመስለው ሰው አለ።

"ታዲያ ለምን ንጹሑን ላይሲን አይሸጡልንም?" የሚል ጥያቄ ይከተላል። ነፃው ላይሲን ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ከአየር ላይ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ክብደቱ አይታመንም። ጨው ሲሆን ግን ረግቶ ይቀመጣል፣ በውሃም እጅግ በቀላሉ ይሟሟል። በአልኮል ግን እምብዛም።

"100 ግራም ከመዘንኩ 100 ግራም ላይሲን አለኝ"

80 ግራም ነው ያለዎት። የላይሲን ሞለኪውላዊ ክብደት 146.19 ሲሆን የጨው ክብደት 182.65 ነው። 0.1 ሞላር የሆነ አንድ ሊትር ለማዘጋጀት 18.27 ግራም ይመዘናል። በ146.19 አስልቶ 14.62 ግራም የመዘነ ሰው ያገኘው 0.08 ሞላር ነው፤ ሚዛኑ ግን ትክክል ስለነበር ጥፋቱን ሲፈልግ ይውላል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም እስከ መጨረሻው ማንበብ ይህን ያድናል። ከፊት ያለችው ፊደልም እንዲሁ፦ "ዲኤል" ከተባለ ግማሹ ባክቴሪያው የማይነካው የዲ ዓይነት ስለሆነ፣ በኤል 10 ግራም የሚጠይቅ አዘገጃጀት በዲኤል 20 ግራም ይጠይቃል።

"ቲዩቡ ቢጫ ሆኗል፤ ኔጌቲቭ ነው"

በጣም የምከራከረው በዚህ ነው። የሰገራ ካልቸር በሚሠራበት ላብራቶሪ ላይሲን ዋና ሥራው ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ከመሰሎቹ መለየት ነው፤ ምርመራው በቲዩብ ውስጥ ባለ ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ) ይሠራል። የሞለር ብሮዝ በሊትር 10 ግራም ኤል-ላይሲን፣ 0.5 ግራም ብቻ ግሉኮስ፣ ቀለሙን የሚያሳየው ብሮሞክሬሶል ፐርፕልና ክሬሶል ሬድ አለው፤ ፒኤቹ 6 ነው። ባክቴሪያው መጀመሪያ ግሉኮሱን ይበላል፤ አሲድ ይወጣል፤ ቲዩቡ ቢጫ ይሆናል። ይህ ገና መንገድ ላይ ነው። ላይሲን ዲካርቦክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚነቃው በዚያ አሲድ ውስጥ ነው። ኢንዛይሙ ያለው ባክቴሪያ ከዚያ በኋላ ላይሲኑን ወደ ካዳቨሪን ይቀይራል፤ ካዳቨሪን ቤዝ ስለሆነ ቲዩቡ ወደ ሐምራዊ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ቢጫ ያዩትን ወዲያው መዝግቦ መጣል አይገባም፤ እስከ 4 ቀን ይጠበቃል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ "ሐምራዊ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው።" ባክቴሪያው ጨርሶ ካልበቀለ ብሮዙ ያው ከመጀመሪያውም ሐምራዊ ነበር። ላይሲን የሌለበት የኮንትሮል ቲዩብ አብሮ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ እሱ ቢጫ ካልሆነ ውጤት የለም። ከላይም የጸዳ ሚነራል ዘይት ይደረጋል፤ አለበለዚያ አየር የሚያገኘው የላይኛው ክፍል ብሮዙ ውስጥ ካለው ፔፕቶን (የተሰባበረ ፕሮቲን) የተነሣ ቤዝ ሆኖ ያታልላል። ዘይቱን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥሩ አሉ፤ አይደለም።

አብዛኛው ሳልሞኔላ ፖዘቲቭ፣ ሺጌላ የሚባለው ሌላው የአንጀት ባክቴሪያ ኔጌቲቭ ነው። ሳልሞኔላ ፓራታይፊ ኤ ግን ኔጌቲቭ ስለሆነ "ላይሲን ኔጌቲቭ ከሆነ ሳልሞኔላ አይደለም" ብሎ መዝጋት አደገኛ ነው።

"ከስኳር ጋር አንድ ላይ አውቶክሌቭ ባደርገው ለውጥ የለውም"

ስኳሩ በዛ ካለ በአውቶክሌቩ (በእንፋሎት ማምከኛው) ሙቀት ሚዲያው ይጠቁራል። የዳቦ ቅርፊት የሚቀላበት ያው ሪአክሽን ነው፤ ስኳሩ የላይሲንን የጫፍ አሚኖ ይይዘዋል፣ የተያዘው ላይሲን ደግሞ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ብዙ ስኳር ካለ ለየብቻ አዘጋጅቶ በኋላ መቀላቀል ነው።

"ስላይድ ላይ ሴል ለማጣበቅ ላይሲን ይቀባል"

የሚቀባው ፖሊ-ላይሲን ነው፤ ብዙ ላይሲን የተቀጣጠለበት ረጅም ሰንሰለት። ፖዘቲቭ ቻርጁ ኔጌቲቭ የሆነውን የሴል ገጽ ይይዛል። ተራው ጨው ሲታጠብ ይሄዳል።

"ዶሮ የሚያሳብጥ ሆርሞን ነው"

ገበያ ላይ የሚሰማው ይህ ነው። ላይሲን በሥጋም በእንቁላልም በባቄላም ያለ አሚኖ አሲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 መጀመሪያ የተለየውም ከወተት ፕሮቲን ነበር። ዛሬ በብዛት የሚመረተው ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የሚባል ባክቴሪያ እንደ ሞላሰስ ያለ ስኳር እየተመገበ ነው። መኖው ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ቀላል ነው፦ በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል፣ የኑግ ፋጉሎም እንዲሁ። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው መልካሳ 6ኪው የሚባለው በቆሎ ይህንኑ ጉድለት በዘር ለማሻሻል የታሰበ ነው። የመጣው በተለመደው ማዳቀል እንጂ ዱቄት ተጨምሮበት አይደለም።

"ብዙ ከሰጠሁ ብዙ ታድጋለች" የሚለውም አይሠራም። ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ በጎደለው መኖ ላይ ላይሲን ብቻ ማብዛት ወጪ ነው። ዶሮዋ ፕሮቲን መገንባት የምትችለው በጎደለው አሚኖ አሲድ መጠን ልክ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ናይትሮጅን ዩሪክ አሲድ አድርጋ ታስወጣዋለች፤ ኩሷ ላይ የሚታየው ነጩ ነገር እሱ ነው።